የፕሮግራም ፈቃድና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፦ ዩኒክስ ያለፈበት መንገድ

የምሕንድስና ትምህርት ከጥንት ጀምሮ በሁለት እግሮች የቆመ ነው። አንደኛው ንድፈ ሐሳብ ሲሆን ሁለተኛው ቀደም ብለው የተሠሩ ሥራዎችን ቀርቦ መመርመር ነው። የድልድይ ሥራ የሚማር ሰው የቆመ ድልድይ ሳያይ፣ የሞተርን አሠራር የሚያጠና ሰውም የተፈታ ሞተር ሳይነካ ትምህርቱን ፈጽሟል ለማለት አይቻልም። የኮምፒዩተር ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ተማሪው በሚገባ የተጻፈ ፕሮግራምን መስመር በመስመር ካላነበበ፣ ከዚያም ነካክቶ፣ አበላሽቶና መልሶ ካልጠገነ ሙያው ከመጽሐፍ ንባብ አያልፍም። ይሁን እንጂ ፕሮግራም ከድልድይ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። በመንገድ ላይ የቆመን ድልድይ ለማየት ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ሶርስ ኮድ የሚባለውን፣ ማለትም ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ የተጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ለማባዛት፣ ለመለወጥና ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ግን የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከዚህ የተነሣ በመምህሩ ፊት ሁለት ጥያቄዎች ይቆማሉ። አንደኛው፣ ይህን ፕሮግራም በተማሪዎች ፊት ለመዘርጋት ይፈቀዳልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከተለያዩ ደራሲዎች የተገኙ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ላይ ተዋሕደው ለክፍሉ ቢታደሉ የሁለቱ ፈቃዶች እርስ በርሳቸው ይጣጣማሉን? የሚል ነው። ብዙ መምህራን ይህን የጠበቆች ጉዳይ ነው ብለው ያልፉታል። ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በዩኒቨርሲቲዎች ያለፈበት ታሪክ ግን ጥቂት ገጽ የሆነው የፈቃድ ወረቀት ተማሪ ምን ሊማር እንደሚችል የመወሰን ኃይል እንዳለው በግልጽ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዩኒክስ አነሣሥ

ዩኒክስ በ1969 በአሜሪካ በኒው ጀርዚ ግዛት በሚገኙት በቤል ላቦራቶሪዎች በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ መሠራት ጀመረ። ላቦራቶሪዎቹ ኤቲ ኤንድ ቲ በተባለው የስልክ ኩባንያ ሥር ነበሩ። ይህ ኩባንያ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በነበረው የፀረ ሞኖፖል ክርክር በ1956 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት መሠረት ከቴሌኮሙኒኬሽን ውጭ በሆነ ንግድ እንዳይሠማራ ታግዶ ነበር። ስለዚህም ዩኒክስን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ወደ ገበያ ሊያወጣው አልቻለም። ሁለቱ ባለሙያዎች በ1974 ስለ ሥራቸው የጻፉት ጽሑፍ ታትሞ ሲወጣ ከየዩኒቨርሲቲው ጥያቄ ጎረፈ። ኩባንያውም በአነስተኛ ክፍያ፣ ከነሶርስ ኮዱ፣ ነገር ግን ያለ ምንም የጥገና ግዴታ ፈቃድ ይሰጣቸው ጀመር።

የጥገና አገልግሎት አለመኖሩ ለትምህርት ሳይታሰብ የተገኘ ጥቅም ሆነ። ስሕተት በተገኘ ጊዜ የሚጠራ የኩባንያ ባለሙያ ስላልነበረ መምህራንና ተማሪዎች ራሳቸው ጽሑፉን እያነበቡ መጠገን ነበረባቸው። ያገኙትንም መፍትሔ ፈቃድ ላለው ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ያካፍሉ ነበር። በዚህ ሁኔታ በብዙ አገሮች ያሉ የኮምፒዩተር ክፍሎች አንድ ዓይነት ሥራ የሚያነቡ፣ አንድ ዓይነት ቋንቋ የሚነጋገሩ ማኅበር ሆኑ።

የሲድኒው መምህርና የተዘጋው በር

ከእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በአውስትራሊያ የሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በዚያ ያስተምሩ የነበሩት ጆን ላየንስ በ1975 የወጣውን 6ኛውን የዩኒክስ ዕትም ለትምህርት አመቺ ሆኖ አገኙት። የከርነሉ፣ ማለትም ማሽኑን በቀጥታ የሚያዘው የሥርዓቱ እምብርት፣ ወደ 9,000 የሚጠጉ መስመሮች ብቻ ነበሩት። ይህም አንድ ትጉህ ተማሪ በተወሰኑ ወራት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሊያነበው የሚችል መጠን ነው። ላየንስ በ1976 ረቂቁን አዘጋጅተው በ1977 ሁለት ጥራዞች አወጡ። በአንደኛው ጥራዝ ሶርስ ኮዱ ራሱ መስመሮቹ በቁጥር ተለይተው ተቀመጡ፤ በሁለተኛው ጥራዝ ደግሞ ቁጥሩን እየተከተለ የሚያብራራ ሐተታ ቀረበ። አቀራረቡ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ የታወቀውን፣ ንባቡን በአንድ ወገን ትርጓሜውን በሌላ ወገን አድርጎ የማስተማርን ሥርዓት የሚመስል ነው።

መጽሐፉ በውስጡ የኩባንያውን ሶርስ ኮድ ስለያዘ ሊደርስ የሚችለው የዩኒክስ ፈቃድ ላላቸው ተቋሞች ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ዝናው በፍጥነት ተሠራጨ። በ1979 ግን 7ኛው ዕትም ከአዲስ የፈቃድ ውል ጋር ወጣ። ኩባንያው ዩኒክስ የንግድ ዋጋ ያለው ሀብት መሆኑን እየተረዳ ሄዶ ነበርና በአዲሱ ውል ሶርስ ኮዱ በክፍል ውስጥ እንዳይጠና ከለከለ።

የክልከላው ምክንያት ከሕግ አንጻር ለመረዳት የሚያዳግት አይደለም። ኩባንያው ሶርስ ኮዱን ይጠብቅ የነበረው በንግድ ምስጢርነት ነው። በየዓመቱ ለብዙ ተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚብራራ ነገር ደግሞ ምስጢር ነው ተብሎ በፍርድ ቤት ለመከራከር ያስቸግራል። ባለመብቱ በሕግ የተሰጠውን መብት ተጠቀመ እንጂ ከሕግ አልወጣም። ጉዳቱ ግን በትምህርት ላይ ወደቀ። የላየንስ ሐተታ በክፍል ውስጥ መዋሉ ሲቀር በፎቶ ኮፒ፣ የኮፒ ኮፒ እየሆነ፣ ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወር ጀመረ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ወደ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አዘነበለ። ተማሪው ስለ ሥራ ቅደም ተከተልና ስለ ማኅደረ ትውስታ አከፋፈል የቀመር ትንታኔ ይማራል፤ እነዚህ ነገሮች በእውነተኛ ሥርዓት ውስጥ እንዴት ተጣምረው እንደሚሠሩ ግን አያይም። አንድ የውል አንቀጽ ሥርዓተ ትምህርትን ለወጠ ማለት ይህ ነው።

ከአምስተርዳም እስከ ሄልሲንኪ

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሡት በኔዘርላንድስ በአምስተርዳም ፍራይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባውም ናቸው። የተከለከለውን ሶርስ ኮድ በስውር ከማስተማር ይልቅ ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ አዲስ ሥርዓት መጻፍን መረጡ። ሚኒክስ ተብሎ በ1987 ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የወጣው ይህ ሥራ ለተጠቃሚው 7ኛውን የዩኒክስ ዕትም ይመስላል፤ በውስጡ ግን ከኤቲ ኤንድ ቲ የተወሰደ አንድም መስመር የለበትም። በዋጋው አነስተኛ በሆነው በአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ በመሆኑም ውድ ማሽን ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ጭምር ደረሰ።

ሚኒክስ ለንባብ የተከፈተውን ያህል ለሥርጭት የተከፈተ አልነበረም። የቅጂ መብቱ በመጽሐፉ አሳታሚ ድርጅት እጅ ስለነበረ አንድ ሰው ሥርዓቱን አሻሽሎ የተሻሻለውን ሙሉ ሥራ ለሌላው ሊያድል አይችልም። ከዚህ የተነሣ አሻሻዮች ለውጡን ብቻ ለይተው ያሠራጫሉ፤ ተቀባዩ ደግሞ ዋናውን ገዝቶ ለውጡን በራሱ እጅ ይለጥፍበታል። ታነንባውምም ሥርዓቱ በተማሪ አቅም የሚነበብ ሆኖ እንዲቆይ ስለፈለጉ የሚቀርብላቸውን ተጨማሪ ሥራ ሁሉ አይቀበሉም ነበር። ለትምህርት ትክክለኛ የሆነው ይህ ጥንቃቄ ከጠባቡ ፈቃድ ጋር ሲደመር ከክፍሉ ግድግዳ አልፈው መሥራት የሚፈልጉትን ወደ ሌላ መንገድ ገፋቸው።

ከእነርሱ አንዱ በፊንላንድ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። በ1991 የራሱን ከርነል ጽፎ ከነሶርስ ኮዱ አሠራጨ። ሊኑክስ የተባለው ይህ ሥራ በመጀመሪያ የወጣበት ፈቃድ በገንዘብ እንዳይሸጥ የሚከለክል ነበር። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም ዲስኬት ገዝቶ፣ ቀድቶና በፖስታ ልኮ የሚያሠራጭ ሰው ወጪውን እንኳ እንዳይመልስ የሚያግድ ሆነ። ከዚህም ሌላ ከርነሉ ብቻውን አይበቃም፤ ኮምፓይለርና ሌሎች መሣሪያዎች ያስፈልጉታል። እነዚህ ደግሞ በአመዛኙ ግኑ ከተባለው ፕሮጀክት የተገኙ ሆነው በገንዘብ ማሠራጨትን በሚፈቅድ ሌላ ውል የሚተዳደሩ ነበሩ። ስለዚህ ቶርቫልድስ ፈቃዱ ከግኑ ፈቃድ ጋር እንዲጣጣም ጥያቄ ቀረበለት፤ በ1992 የሽያጭ ክልከላውን ትቶ የግኑን ፈቃድ ተቀበለ። በዓለም ዙሪያ የታወቀው ሥራ ዕድገት ከተቃኘባቸው ውሳኔዎች አንዱ የፈቃዶች መጣጣም ጉዳይ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

መጣጣም ማለት ምንድን ነው?

የግኑን ፕሮጀክት በ1983 ያስታወቁት በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሰው ሠራሽ አእምሮ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ሪቻርድ ስታልማን ናቸው። ጂፒኤል በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የግኑ ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ በ1989 ወጣ፤ ሁለተኛው ዕትሙ በ1991፣ ሦስተኛው በ2007 ተከተሉ። ይህ ፈቃድ ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንዲያስኬድ፣ እንዲያነብ፣ እንዲለውጥና እንዲያሠራጭ ይፈቅዳል። በለውጡ ግን አንድ ግዴታ አለ፦ የተለወጠውን የሚያሠራጭ ሰው ሶርስ ኮዱን ጨምሮ በዚያው ፈቃድ ማስተላለፍ አለበት፤ በተቀባዩም ላይ ተጨማሪ ገደብ ሊጥል አይችልም።

የመጣጣም ጥያቄ የሚመነጨው ከዚህ የመጨረሻ ሐረግ ነው። ሁለት ፈቃዶች ይጣጣማሉ የሚባለው በሁለቱ ሥር ያሉ ሥራዎች ተዋሕደው በሚሠራጩበት ጊዜ አንድ ሰው የሁለቱንም ግዴታ በአንድ ጊዜ መፈጸም ሲችል ነው። አንደኛው ውል የሚያዘውን ሌላው የሚከለክል ከሆነ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ደግ ቢሆኑም፣ የተዋሐደውን ሥራ ማሠራጨት አይቻልም። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው በመሬታቸው ላይ መንገድ ቢፈቅዱ፣ ነገር ግን አንዱ ሁሉም በግራ በኩል እንዲሄድ፣ ሌላው በግራ በኩል ማንም እንዳይሄድ ቢያዝዝ፣ መንገደኛው ድንበሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

የበርክሌይ አንድ ዓረፍተ ነገር

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሆነው ምሳሌ ከዩኒቨርሲቲ ራሱ የመጣ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያሉ መምህራንና ተማሪዎች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዩኒክስ ላይ ብዙ ሥራ ጨምረው ቢኤስዲ በሚል ስም ያሠራጩ ነበር። በ1983 የወጣው ዕትማቸው ኢንተርኔት የተመሠረተበትን የመገናኛ ሥርዓት የያዘ ነው። ይሁን እንጂ ተቀባዩ የኤቲ ኤንድ ቲ ፈቃድም ሊኖረው ይገባ ነበር። የዚያ ፈቃድ ዋጋ እየናረ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲው በ1989 የራሱን የኔትዎርክ ሥራ ለይቶ በነፃ ፈቃድ አወጣ፤ በ1991 ደግሞ አብዛኛውን ሥርዓት እንደገና አስጽፎ ሁለተኛ ዕትም አከለ። በ1992 ክስ ተነሣ። ጉዳዩ በ1994 በስምምነት ሲያልቅ ከ18,000 ያህል ፋይሎች መካከል እንዲወጡ የተደረጉት 3 ብቻ ነበሩ፤ ከጥያቄ ነፃ የሆነው ዕትምም በዚያው ዓመት ወጣ።

ሆኖም በቢኤስዲ ፈቃድ ውስጥ ትንሽ የምትመስል አንቀጽ ነበረች። የፕሮግራሙን ባሕርይ ወይም ጥቅም የሚጠቅስ ማስታወቂያ ሁሉ ሥራው ከዩኒቨርሲቲው የተገኘ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር እንዲይዝ ታዝዛለች። ይህ ጂፒኤል የማይቀበለው ተጨማሪ ገደብ ስለሆነ ሁለቱ ሊጣጣሙ አልቻሉም። ሌሎች ደራሲዎች ደግሞ ፈቃዱን ሲገለብጡ በዩኒቨርሲቲው ስም ፋንታ የራሳቸውን ስም ተኩበት። በዚህም ምክንያት አንድ ዓረፍተ ነገር የነበረው ብዙ ሆነ። ስታልማን ኔትቢኤስዲ ከተባለው ሥርዓት የ1997 ዕትም ውስጥ እንደዚህ ያሉ 75 ዓረፍተ ነገሮች ቆጥረዋል። ሕጉን በጥብቅ የሚከተል ሰው ለአንድ ማስታወቂያ 75 ምስጋና ሊጽፍ ነው ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲው ሐምሌ 22 ቀን 1999 አንቀጿን ከራሱ ሥራዎች ላይ አነሣ። የዩኒቨርሲቲው ውሳኔ ግን በሌሎች ስም የተጻፉትን ሊያነሣ አይችልም፤ እያንዳንዱ ባለመብት በየበኩሉ መስማማት ነበረበት። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር፣ በሥራ መጀመሪያ ላይ በአንድ ብዕር ጭረት ሊታረም የሚችል ነገር ከተሠራጨ በኋላ የዓመታት ልፋት እንደሚጠይቅ ነው። መጥኖ መደቆስ ድስት ከመጣዱ በፊት ነውና።

የተከፈተው በር

በ1996 የላየንስ ሐተታ ከነሶርስ ኮዱ በወቅቱ ባለመብት ፈቃድ በይፋ ታተመ። ላየንስ ይህን አይተው በ1998 አረፉ። ሚኒክስ በ2000 በቢኤስዲ ፈቃድ ሥር ገባ፤ የጥንቶቹ የዩኒክስ ዕትሞችም በ2002 በነፃ ፈቃድ ተለቀቁ። በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በዚያው ዓመት የተጀመረው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት 6ኛውን ዕትምና የላየንስን ሐተታ መልሶ ወደ ክፍል አስገባ። ተማሪዎቹ ግን ከጥቅም ውጭ የሆነውን የፒዲፒ-11 ማሽን ለትምህርቱ ሲባል ብቻ ማጥናት ስለከበዳቸው መምህራኑ በ2006 የ6ኛውን ዕትም አሠራር ተከትለው ኤክስቪ6 የተባለ አዲስ ሥርዓት ጻፉ። የወጣውም በተቋሙ ስም በሚጠራው አጭር ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ የደራሲውን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ አብሮ ከማቆየት በቀር ብዙ አይጠይቅም። በ1979 የተዘጋው በር ሙሉ በሙሉ ተከፈተ ሊባል የሚቻለው ያን ጊዜ ነው፤ ተማሪው ማንበብ ብቻ ሳይሆን መለወጥና የለወጠውንም ለዓለም ማሳየት ይችላልና።

ለመምህሩ የሚተርፈው

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ለክፍሉ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ መምህር ሁሉ ጥቂት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይጠቅመዋል።

በመጀመሪያ፣ ማጥናትና ማሠራጨት የተለያዩ ናቸው። ጂፒኤል ፕሮግራሙን ለማስኬድም ሆነ ለራስ ለመለወጥ ምንም ግዴታ አይጥልም፤ ግዴታው የሚጀምረው ሥራው ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ነው። መምህሩ ከሁለት ቦታ ያመጣውን ኮድ አዋሕዶ የልምምድ ሥራ አድርጎ ለተማሪዎች ሲያድል ግን አሠራጭ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ መጣጣም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከኤክስቪ6 የተወሰደ ኮድ በጂፒኤል ሥር ወዳለ ሥራ ያለ ችግር ይገባል። ከሊኑክስ የተወሰደ ኮድ ወደ ኤክስቪ6 ቢገባ ግን የተዋሐደው ሥራ በሙሉ በጂፒኤል መተዳደር አለበት። ውኃ ከዳገት ወደ ሜዳ እንጂ ከሜዳ ወደ ዳገት እንደማይፈስ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የፈቃዱን ስም ብቻ ሳይሆን የዕትሙን ቁጥር ማንበብ ያሻል። በ2004 የወጣው የአፓቺ ፈቃድ 2ኛ ዕትም ከጂፒኤል 3ኛ ዕትም ጋር ሲጣጣም ከ2ኛው ዕትም ጋር አይጣጣምም፤ ስለ ፓተንት ያሉት አንቀጾች 2ኛው ዕትም የማያውቃቸው ገደቦች ናቸውና። የሊኑክስ ከርነል ደግሞ በ2ኛው ዕትም ብቻ የሚተዳደር ነው።

አራተኛ፣ ጉዳዩ ከፕሮግራም አልፎ የትምህርት ጽሑፎችንም ይመለከታል። የማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት በኢንተርኔት በነፃ የሚያቀርባቸው የትምህርት ጽሑፎች ለንግድ እንዳይውሉ የሚከለክል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አላቸው። የዊኪፔዲያ ጽሑፍ በበኩሉ ከእርሱ የተቀዳ ሥራ ሁሉ ያለ ንግድ ክልከላ በዚያው ፈቃድ እንዲተላለፍ ያዝዛል። መምህሩ ሁለቱን አንድ ምዕራፍ አድርጎ ቢያዋሕድና ቢያሠራጭ አንዱን ማፍረሱ አይቀርም። ሁለቱን ለየብቻቸው፣ እያንዳንዱን ከነፈቃዱ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ይችላል።

በመጨረሻም የተማሪው መብት አለ። ተማሪ በአንድ የትምህርት ዘመን የጻፈው ሥራ ነገ የምርምሩ ወይም የመተዳደሪያው መነሻ ሊሆን ይችላል። ሥራው የተተከለበት ኮድ የማይጣጣሙ ፈቃዶች ቅልቅል ከሆነ ሥራውን ይዞ ከክፍሉ መውጣት አይችልም፤ ይህንንም የሚያውቀው ብዙ ከደከመበት በኋላ ነው። ሕፃን በማያውቀው ዕዳ እንዲወለድ እንደማድረግ ይቆጠራል።

ላየንስ ከፍተው የተዘጋባቸው፣ ታነንባውም በግማሽ የከፈቱት፣ በርክሌይ ከፍቶ አንዲት እንቅፋት የተወበት በር ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ከፈጀ በኋላ ነው ወለል ያለው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የዩኒክስ መሠረታዊ አሠራር ብዙም አልተለወጠም፤ 6ኛውን ዕትም ያነበበ ሰው ኤክስቪ6ን ሲያነብ ባዕድነት አይሰማውም። የተለወጠው ፈቃዱ ነው። መምህር ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት መጽሐፉን እንደሚመርጥ ሁሉ ፈቃዱንም አንብቦ መምረጥ የማስተማር ሥራው አንድ ክፍል መሆኑን ይህ ታሪክ ያረጋግጣል።